አርባ ቀን ከድለቃው በላይ

በኬታማ ተራሮች ወይራው ተለቅሞ ካለቀበት ቀን ጀምሮ በለሱ እስኪያቆጠቁጥ ድረስ ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። ድው ድው፣ ድው ድው። የታች ሰፈር ይጀምራል፣ የላይ ሰፈር ይቀበለዋል። እንግዳ ሰው ቢሰማው ሰርግ ነው ብሎ ልብሱን ይቀይር ይሆናል። ሰርግ አይደለም፤ ኪፍ እየተደለቀ ነው። ሌላው አገር ካናቢስ እያለ የሚፈራው ተክል ለዚያ መንደር ሰው እንደ ገብስ ነው። ይዘሩታል፣ ያጭዱታል፣ ጣሪያ ላይ ያደርቁታል፤ ብርዱ ሲጠና ደግሞ በሳፋ አፍ ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ ላይ ይከምሩትና ላስቲክ ያለብሱታል። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ በቀጫጭን ዱላ ይደልቀዋል፤ ዱቄቱ በጨርቁ አልፎ ሳፋው ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ የተረፈው ብናኝ ቤቱን ዞሮ ዳቦው ላይ፣ ሻዩ ላይ፣ ሰው ጸጉር ውስጥ ያርፋል። እዚያ አገር ድመት እንኳ በጤናዋ አትውልም።

ሚሙንት በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ራቀ፣ ሥራው በዛ፣ አስተማሪዋም በምላሷ ተማረረች፤ ሦስቱም እውነት ነው።

አምና በብርዱ መጨረሻ አንዲት ሴት በጆሮዋ ታናግራት ጀመር። ሌላ ሰው አይሰማትም። መጀመሪያ ስሟን ብቻ ነበር የምትጠራው፤ ቀጥላ የድለቃውን ምት መቁጠር ያዘች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ልክ ተማሪ እንደ ጠፋባት አስተማሪ። ሚሙንት አራት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ሰማቻት። በአምስተኛው ቀን ሴትዮዋ «ድፊው» አለቻት። እሷም የዓመቱን ሥራ፣ እስከ አፉ የሞላውን ሳፋ፣ ተሸክማ ወረደችና ወንዝ ውስጥ ደፋችው። የታች ሰፈር ፍየሎች ሳምንት ሙሉ ሲስቁ ሰነበቱ እየተባለ ዛሬም ይወራል። በእነሚሙንት ቤት ግን የሳቀ አልነበረም።

ከተማ ወስደው ሃያ አንድ ቀን አስተኟት። ስትወጣ ሁለት ዓይነት ክኒን ተሰጣት፣ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ። «ኪፍ የሚባል ነገር አጠገብ እንዳትደርሺ» አለቻት ዶክተሯ። ዓሣን ከውሃ ራቂ እንደ ማለት ነው። ቢሆንም ሴትዮዋ ከጆሮዋ ጠፍታ ነበርና ሚሙንት «እሺ» አለች።

አባቷ አላል ደግሞ እዚያው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመው ማሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የፈራ ሰው ናቸው።

«ለሐኪም አንድ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ» አሏት። «ያቺ ሴት ተመልሳ ከመጣች ግን ሐኪም የለም። ሲዲ ሐራዝ ዘንድ ነው የምወስድሽ።»

ሲዲ ሐራዝ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው ወልይ ናቸው። መቃብራቸው ኮረብታው አናት ላይ ነው፤ ከመቃብሩ ጎን ባለው ክፍል ግድግዳ ላይ የብረት ቀለበት ተተክሏል። ጂን ያደረበት ሰው እግሩ ከዚያ ጋር ታስሮ አርባ ቀን ይቀመጣል፤ ጂኑ እስኪሰለቸው ነው አሉ። የጎረቤታቸው ሚስት ታስራ ወጥታለች። ጂኑ ሰልችቶት ይሂድ አይሂድ አላህ ይወቅ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ የተናገረችው ቃል ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም።

እንግዲህ ሚሙንት ዘንድሮ የምትፈራው ይህን ነው፦ ሴትዮዋ እንዳትመጣ፤ ከመጣችም አባቷ እንዳያውቁ።

ድለቃው በተጀመረ ቀን እንደ ልማዷ ከእናቷ ከያምና ፊት ለፊት ተቀመጠች። የሁለቱ አመታት በመንደሩ የተመሰገነ ነው፤ የእናትየው ግራ ሲወርድ የልጅቱ ቀኝ ይነሣል፣ አንድ ሰው አራት እጅ ያወጣ ይመስላል። ያን ቀን ግን የሚሙንት እጅ አልታዘዝ አላት። ክኒኑ ሴትዮዋን ሲያባርር የእጇን ቅልጥፍና አብሮ ይዞባት ሄዷል። ጣቶቿ እንደ ወይራ ጭራሮ ደርቀዋል። ሻይ ስትይዝ ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። ዱላውን ስታነሣ ከእናቷ ትዘገያለች፤ ልድረስ ብላ ስትቸኩል ደግሞ በኃይል ትመታና ቅጠሉ ተሰባብሮ ጨርቁን ያልፋል። ቅጠል የገባበት ዱቄት ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴ ዱቄት ለቤቱ ውርደት ነው።

«ምንድን ነው እሱ? ሊጥ ነው የምታቦኪው?» አላት ቡዚያን። ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ከሁለተኛው ኮረብታ ማዶ ሄዶ የማያውቅ፣ የዓለምን ነገር ግን ሁሉ የሚያውቅ።

«የምመታው ያንተን ፊት እያሰብኩ ነው። እጄ ይራራል።»

«እጅሽን ነው እንጂ ምላስሽን ክኒኑ አልነካውም።»

«ዶክተሯ ረስታው ይሆናል። ስሄድ አስታውሳታለሁ።»

ያምና በሻርፗ ውስጥ ሳቀች። አላል አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ሳፋውን አዩ፣ ዱቄቱን ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት፣ «አረንጓዴ ነው» ብለው ወጡ። ይህን ከሚሏት በጥፊ ቢያጮሏት ይሻላት ነበር። በዚያ ቤት ሚሙንት የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በእጇና በሕመሟ። እጇ ከሄደ የሚቀረው ምን እንደሆነ ለመቁጠር አራተኛ ክፍል ይበቃል።

ከምሳ በኋላ ከፍየሎቹ በረት ጀርባ ቆማ ጣቶቿን ስታፍተለትል ቡዚያን ረጅሙን ፒፓውን ሞልቶ መጣ።

«ሁለቴ ሳቢ። ጅማትሽን ይፈታልሻል።»

«አጠገቡ እንዳትደርሺ ተብያለሁ።»

«አንቺ መቼ ደረስሽ? እኔ ነኝ ያደረስኩልሽ።»

«ሞኝ።»

«ሞኝስ አንቺ። ይሄ እኮ የኛው ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ሲሳብ የኖረ። አያታችን በሰማኒያ ዓመታቸው ግንድ ይፈልጡ ነበር፣ ረሳሽው? ባዕዱ ያ የከተማ ክኒን ነው።»

ሚሙንት ልክ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን «አረንጓዴ ነው» የሚለውን ቃል ነገ ደግማ መስማት አልፈለገችም። ሳበች። አስሏት ዓይኗ እንባ ሞላ። ደገመች። ጥቂት ቆይቶ ትከሻዋን አስሮ የያዛት ገመድ የተፈታ መሰላት፤ ጣቶቿን ዘርግታ ብታያቸው የራሷ ናቸው። ተመልሳ ገብታ ዱላ አነሣች። ያምና ቀና ብላ አየቻት፤ ግራዋን አወረደች፣ የሚሙንት ቀኝ ተነሣ። ፀሐይ ከኮረብታው ሳትወርድ ሳፋው ውስጥ የነበረው ዱቄት እንደ ደረቅ አሸዋ ወርቃማ ነበር። አላል ቆንጥረው አሹት። «ይኸው» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህች ቃል ከወጣች ድግስ እንደ ማለት ነው።

ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ጠዋት ክኒን፣ ቀትር ላይ ፒፓ፣ ማታ ክኒን። ሆዷ ውስጥ ሁለቱ የታረቁ መሰላት። እንዲያውም ይህን ዘዴ ለዶክተሯ ባስተምራት ብላ በልቧ ሳቀች።

በዘጠነኛው ቀን፣ በድለቃው መሀል፣ አንድ ሰው «አርባ ሦስት» አለ።

ሚሙንት እናቷን አየች። ያምና አፏን በሻርፕ ሸፍና፣ ዓይኗን ሳፋው ላይ ተክላ ትደልቃለች።

«አርባ አራት። አርባ አምስት።»

ያቺ በጆሮዋ የምትቆጥር አስተማሪ ተመልሳለች። ደግሞ እንዳልሄደች ሁሉ፣ ካቆመችበት ነው የቀጠለችው።

በጸጥተኛ አገር የሚታመም ሰው ቢያንስ ጆሮውን ሲደፍን የውጩን ከውስጡ ይለያል። ሚሙንት ይህ ዕድል አልነበራትም። መንደሩ በሙሉ ይደልቃል። ጆሮዋን ብትደፍን ምቱ በወለሉ በኩል በተረከዟ ይገባል፤ ሴትዮዋም በየምቱ ላይ ቁጥር እያስቀመጠች ትከተላለች። ሽሽት ወዴት? ከቤት ብትወጣ የጎረቤት ድለቃ፣ ወንዝ ብትወርድ የማዶው ድለቃ። ድለቃው ደግሞ ማታ ቢቆምም ሴትዮዋ አታቆምም፤ ለነገ የሚሆነውን ታሰላለች።

ለቡዚያን በጨረፍታ ነገረችው። ወዳጇ እንጂ ጠላቷ አይደለም፤ ክፋቱ፣ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ስህተት መሆኑ ነው።

«ለባባ እንዳትናገሪ» አለ አስቀድሞ። ከዚያ ጢሙን ዳበሰ፤ ጢም የለውም፣ ግን ይዳብሳል። «ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁለት ኮርማ አንድ በረት አስገብተሻል። ይዋጋሉ። አንዱ መውጣት አለበት።»

«የትኛው?»

«ቤተኛው ይወጣል እንዴ? እንግዳው ነው እንጂ።»

በዚያ መንደር ማንም ሰው ቢጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ኪፍ ቤተኛ ነው፤ ቤተኛ ደግሞ አይጠረጠርም። ሚሙንት ፒፓ በምትስብበት ቀን ክኒኑን ከምላሷ ሥር እየደበቀች፣ እናቷ ፊቷን ስታዞር እያወጣች፣ በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ እየሰፋች ታስቀምጠው ጀመር። እንዳትጥለው ፈርታ፣ እንዳትውጠውም ፈርታ። በሦስተኛው ቀን ሌሊቱ ረዘመባት፤ በአምስተኛው ሴትዮዋ ከድለቃው ቀድማ መቁጠር ጀመረች። ስትፈራ ክኒኑን ትውጣለች፣ እጇ ይደርቃል፤ እጇ ሲደርቅ አባቷ ሳፋው ላይ ያጎነብሳሉ፤ አባቷ ሲያጎነብሱ ፒፓውን ትስባለች፤ ስትስብ ሴትዮዋ ትበረታለች። የወይራ መጭመቂያ የምታዞር አህያ ቢያንስ ዓይኗ ተሸፍኖ ስለሆነ እየዞረች መሆኑን አታውቅም። ሚሙንት ዓይኗ ክፍት ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሴትዮዋ መቁጠሯን አቆመች። «ድፊው» አለች።

ሚሙንት ዱላውን ጣለችና ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው።

«ምነው?» አለች ያምና።

«ደነዘዙብኝ።»

«ድፊው። ተነሽ» አለች ሴትዮዋ።

«ተነሽና ሞቅ ውሃ ውስጥ ንከሪያቸው» አለች ያምና። ለአፍታ ሁለቱ ድምፆች እርስ በርስ የሚነጋገሩ መሰላት፤ ተነሽ፣ ተነሽ። ሚሙንት ግን አልተነሣችም። ብትነሣ ሳፋውን እንደምታነሣው አወቀች። አላል ከበሩ ላይ ቆመው ነበር። አምናም እንዲህ ስትሆን አይተዋታል።

«ሐሙስ የሐኪም ቀጠሮሽ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ደህና ነሽ አይደል?»

«ደህና ነኝ ባባ።»

ሁለት ቀን በእጆቿ ላይ ተቀምጣ አሳለፈች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐሙስ ጠዋት በዶሮና በሽማግሌ በታጨቀች ሚኒባስ ከተማ ወረዱ። ያችው ዶክተሯ፣ ሰልዋ፣ ገና ወጣት ናት፤ የራሷም ወገኖች ከዚያው ተራራ ናቸው ይባላል፣ ስለዚህ እሷን መዋሸት አይቻልም ባይባልም ያስቸግራል። አላል ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እንቅልፍሽ እንዴት ነው ሚሙንት?»

«ጥሩ ትተኛለች» አሉ አላል።

«የምግብ ፍላጎትስ?»

«ትበላለች፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ድምፁስ?»

«የለም። ጠፍቷል።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። ሚሙንት የግድግዳውን ቀለም አየች፣ የአባቷን ኮፍያ አየች፣ የብረቱን ቀለበት በሐሳቧ አየች። ዝም ብትል ወደ ሳፋው ትመለሳለች፤ ከሳፋው ወደ ወንዙ፤ ከወንዙ ወደ ቀለበቱ። ብትናገር በአቋራጭ ወደ ቀለበቱ ነው። መንገዱ ሁሉ የሚያደርሰው እዚያው ከሆነ በአፏ መሄድ መረጠች።

«ዶክተር፣ ባባ አሁን የምለውን ሲሰሙ ክኒኑን ለሳቸው ይስጧቸው» አለች። ከዚያ ሳትተነፍስ ሁሉንም አወጣችው፤ የደረቀውን እጅ፣ ፒፓውን፣ በቀሚስ ጠርዝ የተሰፋውን ክኒን፣ አስተማሪዋን፣ ድፊውን። የቡዚያንን ስም ብቻ ዋጠችው። አላል የኮፍያቸውን ጠርዝ እንደ መቁጠሪያ ያዞሩ ነበር፤ «ድፊው» ሲባል ማዞራቸውን አቆሙ።

«እጅሽ እንደዚህ መድረቁን ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ዶክተሯ።

«አልጠየቁኝማ።»

«እውነት ነው። አልጠየቅኩም።» ዶክተሯ ይህን ስትል አልተቆጣችም። የሚሙንትን ክርን ይዛ አጠፍ ዘርጋ አደረገችው፣ ራሷን ነቀነቀች። «ይህ ከመድኃኒቱ ነው። ይለወጣል። ሌላ እንሞክራለን፤ ፒፓ አያስፈልገውም። ፒፓው ሴትዮዋን የሚጠራ ነው፤ ክኒኑን መተው ደግሞ በር መክፈት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገሻል።»

«ወንድሜ… ሰዎች ኮርማ ናቸው ይዋጋሉ ይላሉ።»

«ሰዎች ኮርማ ናቸው፤ እሱ እውነት ነው።»

አላል ተነሡ። «ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። ነገሩ ከእርስዎ እጅ ወጥቷል። እኔ ምያለሁ፣ ሲዲ ሐራዝ ዘንድ እወስዳታለሁ።»

«ስንት ቀን?»

«አርባ።»

«እሺ አባቴ» አለች ዶክተሯ፤ አልተከራከረችም። «ለሲዲ ሐራዝ የሚሰጡትን አርባ ቀን አስቀድመው ለእኔ ይስጡኝ። አዲሱን መድኃኒት በየቀኑ፣ በዓይንዎ እያዩ ትውጥ። ጭስ የለም፣ ድለቃ የለም፣ ብናኝ የለም። አርባው ሲሞላ ሴትዮዋ ካለች ያኔ ሌላ እንነጋገራለን። ወልዩ አርባ ቀን ቢዘገዩባቸው አይቀየሙም።»

አላል አሰቡ። ቃላቸውን የሚያፈርሱ ሰው አይደሉም፤ ማዘግየት ግን ማፍረስ አይደለም።

«ብናኝ የሌለበት ዘመድ ቤት አለ?»

«ሁሉም ይደልቃል» አሉ አላል፣ ሁሉም ቤት ጣሪያ አለው እንደሚል ሰው።

«ታዲያ ከቤትዎ ብናኙ የማይደርስበት ክፍል የለም?»

የአላል ፊት በራ። «አዘጋጃለሁ።»

ዶክተሯ «ድለቃውን ለአንድ ዓመት ቢተዉትስ» አላለችም፤ የተራራ ልጅ ናት። አላልም አላሰቡትም። ሚሙንት እንኳ ያሰበችው በሚኒባሱ ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ለራሷ አስቂኝ ሆኖባት ተወችው።

እውነቱን ለመናገር አላል ክፍሉን በፍቅር ነው የሠሩት። ከድለቃው ቤት በላይ ያለችውን የእህል ማስቀመጫ ጠረጉ፣ በኖራ ቀቡ። መስኮቷን በላስቲክ ወጠሩ፤ ያው ሳፋ የሚለብሰው ላስቲክ ነው፣ አዲስ ግን። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ደፈኑ። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉና በየጠዋቱ በውሃ ያርሱታል፣ ብናኙን እንዲይዝ። ሲጨርሱ መሀል ላይ ቆመው እንደ ሙሽራ ቤት ዞረው አዩት።

«ይኸው» አሉ።

ከዚያ ወጥተው ቆለፉ። «ወንድምሽ ፒፓውን ይዞ እንዳይመጣ ነው» አሉ ከበሩ ማዶ። «ስሙን ባትጠሪውም አውቃለሁ።»

ሚሙንት አልጋው ላይ ተቀመጠች። ወለሉ እንጨት ነው። ከሥሩ ድው ድው፣ ድው ድው። የመስኮቱ ላስቲክ ነፋስ ሲመታው ወደ ውስጥ ያብጣል፣ መልሶ ይሰረጉዳል፣ ክፍሉ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል። ብትቀደው አየር ይገባል፤ ከአየሩ ጋር ብናኙ ይገባል። ስለዚህ አትቀደውም። ብርሃኑ ወተት የመሰለ ነው፣ ውጭ አይታይም። ሰው የብረት ቀለበት ሸሽቶ ሳፋ ውስጥ ገባ የሚባለው ይሄ ነው፤ ከላይ ላስቲክ፣ ከታች ድለቃ፣ መሀል ላይ እሷ።

«አንድ» አለች ሴትዮዋ። «ሁለት።»

በአራተኛው ቀን ቡዚያን ከበሩ ጀርባ ቁጢጥ አለ።

«አለሽ?»

«የለሁም፣ ባሕር ዳርቻ ሄጃለሁ።»

«ያላንቺ ቤቱ ቀብር ሆኗል። የምደልቀው ከባባ ጋር ነው። እየደለቁ ስለ ሰው ልጅ ኃጢአት ያወሩኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቁልፉ ቀዳዳ ጫፉን ላሳልፍልሽ? አንዴ ብቻ። ማንም አያይም።»

የፒፓው ጫፍ ቀዳዳው ላይ ኳ አለ። ሚሙንት ሽታውን ከማሽተቷ በፊት ምራቋ ሞላ። ፈለገችው፤ እጇ ብቻ ሳይሆን ጥርሷ ፈለገው። ወደ በሩ ሄደች፣ እርጥቡን ብርድ ልብስ ገለጠች፣ ተንበረከከች። ከንፈሯ ከብረቱ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ሴትዮዋ «ሳቢ» አለች።

እስከዚያ ቀን ሴትዮዋ ስለ ፒፓው ተናግራ አታውቅም ነበር። ሚሙንት ወደኋላ አለች። ከቁርስ የተረፋትን ዳቦ አነሣች፣ የውስጡን ለስላሳ በምራቋ አድቦለቦለች፣ ቀዳዳውን ደፈነችው።

«አንቺ፣ ምን እያረግሽ ነው?»

«ቁርስ እያበላሁህ ነው። ሂድ ቡዚያን።»

«ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምኩህም። ሂድልኝ ግን፣ እለምንሃለሁ።»

ወንድሟ እህቱ ስትለምን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ሄደ። ሚሙንት እዚያው ወለሉ ላይ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ብርድ ልብሱ ትከሻዋ ላይ እየተንጠባጠበ ድለቃው እስኪቆም ተቀመጠች።

አዲሱ ክኒን ያስተኛታል። እጇ ትንሽ ተፍታቷል፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሴትዮዋ አንዳንድ ቀን ከድለቃው ኋላ ትቀራለች፣ አንዳንድ ቀን ትቀድማለች። አላል በየጠዋቱ ይመጣሉ፣ ክኒኑን በእጃቸው ይሰጧታል፣ አፏን አስከፍተው ያያሉ፣ «አለች?» ይላሉ። ሚሙንት «አለች» ትላለች። መዋሸት ትታለች፤ ለአርባው ቀን ስንት እንደቀረ ብቻ በሆዷ ትቆጥራለች።

በዘጠነኛው ቀን ያምና እንደ ወትሮዋ ምሳ አመጣች። የባቄላ ሾርባ፣ ዳቦ፣ የወይራ ዘይት። በሩን ከፍታ ስትገባ ብርድ ልብሱ ገና ከኋላዋ ሳይወርድ ሽታው ቀድሟት ገባ። ቅንድቧ ላይ፣ ሻርፗ እጥፋት ውስጥ፣ ጡቷ ላይ፣ በየቦታው ወርቃማ ዱቄት። እንደ ሙሽራ ታበራ ነበር።

ሚሙንት ግድግዳው ላይ ተጣበቀች። «እማ፣ አትቅረቢኝ።»

ያምና ቆመች። ሳህኑ እጇ ላይ ነው። ራሷን ቁልቁል አየች። ልጇን ለዘጠኝ ቀን ስትመግብ ይህ ያልታየበት ቤት ነው፤ ባሏ ጭቃ ሲለስኑ፣ ብርድ ልብስ በውሃ ሲያርሱ፣ ብናኙ በያምና ለብሶ በየቀኑ በበሩ ይገባ ነበር።

ሳህኑን አስቀመጠች፣ ወጣች። ሚሙንት ቅር ብሏት የሄደች መስሏት ነበር። ከደረጃው ራስ ግን የውሃ ድምፅ መጣ። በዚያ ብርድ፣ በረዶ ከኮረብታው ሳይወርድ፣ ያምና ለብርድ ልብሱ ማራሻ በተቀመጠው ባልዲ ጸጉሯን ታጥብ ነበር። ሻርፗን፣ ካባዋን፣ ሁለቱን ቀሚሶቿን እዚያው ጥላ፣ በውስጥ ልብሷ ብቻ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ገባች።

«አሁንስ?» አለች።

«አብደሻል እንዴ? ሳንባሽ ይቆረጣል።»

«ይህን አንቺ ነሽ የምትጠይቂኝ?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ አጭር ነበር። ሚሙንት የአልጋዋን ልብስ ገፍፋ አለበሰቻት፣ ሾርባውን በአንድ ሳህን በሉ። ድለቃው ከታች ቀጥሏል፤ ግን ተዛብቷል፣ አንድ ጥንድ እጅ ጎድሎታል።

«አሁንም ትቆጥራለች?» አለች ያምና። እስከዚያ ቀን ስለ ሴትዮዋ አንድም ጊዜ ጠይቃ አታውቅም።

«ትቆጥራለች።»

«እስከ ስንት?»

ሚሙንት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት ስለማያውቅ መልሱን ለማግኘት ማዳመጥ ነበረባት። «ተምታቶባታል። ድለቃው ስለተበላሸ።»

«ይምታታባት» አለች ያምና። እርጥብ ጸጉሯን በትከሻዋ ላይ አመጣች። «ነይ፣ አበጥሪኝ።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ጸጉር ነው እንጂ ዱቄት አይደለም። አረንጓዴ አይሆንም።»

ሚሙንት ማበጠሪያውን ያዘች። ይሰነቀርባታል፤ ያምና ስትጎተት ትንፋሿን ትውጣለች እንጂ አትናገርም። ከታች ድለቃው ቆመ።

«ያምና» አሉ አላል ከሥር።

ያምና ራሷን ወደ ማበጠሪያው አዘነበለች።

«ያምና፣ ሳፋው እየጠበቀ ነው።»

«በግራ በኩል ተቋጥሯል፣ እሱን ፍቺው» አለች ያምና ለልጇ።

ደረጃው ሲንቋቋ ተሰማ። የአላል ጫማ ካባዋና ቀሚሶቿ የወደቁበት ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወደ በሩ ተጠጉ። ብርድ ልብሱን አልገለጡም።

«በሩ እንዲህ ተከፍቶ ከዋለ ብናኝ ይገባል» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም።

«እንግዲያው ዝጋው» አለች ያምና።

«አንቺስ?»

«ዝጋው አልኩህ አላል። ሠላሳ አንድ ቀን ነው የቀረን።»

በሩ ቀስ ብሎ ተገጠመ፤ ቁልፉም ዞረ። ሚሙንት የተቋጠረውን ጸጉር ይዛ ቀረች። ከታች አንድ ሰው ብቻውን መደለቅ ጀመረ።